ጭሱ የሚሄድበት ቤት

አቋራጭ መንገድ የሚወድ ሰው ያላሰበው ጣጣ ውስጥ ይገባል። እኔም የከሰዓት ክፍለ ጊዜዬ እንዳያልፍብኝ ብዬ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሳቋርጥ፣ አንዲት ልጃገረድ የግቢያችን የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ቆማ አገኘኋት። ወድቃ መስሎኝ መጻሕፍቴን መሬት ላይ ጥዬ እጄን ዘረጋሁላት።

«አልወደቅኩም መምህር» አለችኝ እጄን ሳትቀበል። «ገብቼ ነው።»

ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደግሞ የግቢው የጽዳት ኃላፊ፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ነፋስ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ በአንድ እጃቸው ክብሪት በሌላው ቁራጭ ካርቶን ይዘው ቆመዋል። እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰዋል።

«ውጪ ብያለሁ!»

«አልወጣም ጋሼ።»

«ውጪ ልጄ፣ ሰው ሳያየን!»

«ሰውማ አይቶናል» አለችና በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

እኔ የሕግ መምህር ነኝ። ሁለት ሰው ሲጣላ ካየሁ ዝም ብሎ ማለፍ አያስችለኝም፤ ባለቤቴ «ያልጠሩህ ዳኛ» የምትለኝ በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግኩና «በመጀመሪያ ነገሩን በሥርዓት እንያዘው፤ ቅሬታ ያለው ወገን ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገላመጡኝ።

አንባቢዬ ነገሩ እንዲገባው ሁለቱን ሰዎች ላስተዋውቅ። ጋሼ ነፋስ የዚህን ግቢ ቆሻሻ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በእሳት ያጠፉታል። ቅጽል ስማቸው የመጣው ደግሞ ከጥንቃቄያቸው ነው፤ ነፋሱን ሳይጠይቁ ክብሪት አይጭሩም። ጭብጥ አቧራ ያነሱና ቀስ ብለው ይለቁታል። አቧራው ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ከሄደ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ወደ ግቢው አጥር ግንብ በኩል ሲዞር «በል እንግዲህ» ብለው ይለኩሳሉ። በዚህ ምክንያት ተማሪውም መምህሩም ይወዳቸዋል፤ እኔም ባየኋቸው ቁጥር ባርኔጣዬን አነሳላቸው ነበር።

ልጅቷ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። እሳቸውና ባለቤታቸው አሳድገዋት፣ አሁን እዚሁ ግቢ የሕዝብ ጤና ትማራለች። ቤታቸው የግቢው ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ነው። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩአት፤ በአደባባይ ስትቃወማቸው ያየሁት ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለች ከጉድጓዱ።

«ምን ይፈርዳሉ?» አሉ ጋሼ ነፋስ። «ነገ የአረንጓዴ ግቢ ቀን ይከበራል፤ እንግዳ ይመጣል። አስተዳዳሪው ዛሬ ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ካላገኘሁት ሥራህን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎኛል። ቆሻሻ ነው፤ ይቃጠላል። ሲቃጠል ይጠፋል። ይኼ ደግሞ ዳኛ ያስፈልገዋል?»

«አይጠፋም ጋሼ።»

«አመዱን አሳይሻለሁ! ያን የሚያህል ክምር አንድ ባልዲ አመድ ነው የሚሆነው። የቀረው የት ሄደ? ጠፋ!»

«የቀረው ጭስ ሆነ። ጭስ ደግሞ መሬት ላይ አያድርም፤ ሰው ደረት ውስጥ ነው የሚያድረው። ቅጠል ብቻ ቢሆን እንኳ መጥፎ ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ደግሞ ፌስታል ነው፣ ጠርሙስ ነው፣ የተሰበረ ወንበር ነው። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው መርዝ ነው።»

«እኔ ጢሜ ሳይበቅል ጀምሮ ሳቃጥል ኖሬያለሁ። ጭስ የሚገድል ቢሆን የመጀመሪያው ሬሳ እኔ በሆንኩ! እዪኝ እስቲ፤ ምን ጎደለኝ?»

«እርስዎማ ሁልጊዜ የሚቆሙት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው!»

ሽማግሌው ካርቶኑን ጥለው፣ ጎንበስ ብለው በመቆስቆሻ ዱላቸው ከጉድጓዱ አንድ የተጠቀለለ ሸራ ጎትተው አወጡ። ዘረጉትና አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉለት።

«በይ አንብቢው። ለመምህሩ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።»

ልጅቷ ቀላች። «ግቢያችንን አረንጓዴ እናድርግ» ብላ በዝግታ አነበበች።

«የማነው?»

«የተማሪዎች ማኅበራችን ነው።»

«እነዚህ ፊኛዎችስ? ይኼ ሁሉ የውሃ ጠርሙስስ? ባለፈው ሳምንት ለቅስቀሳ ብላችሁ ያመጣችሁት አይደለም? ግማሹን ጠጥታችሁ ግማሹን ከነውሃው ጣላችሁት! እናንተ ትጥላላችሁ፣ እኔ አነሳለሁ፣ በመጨረሻ ጥፋተኛው እኔ። ወይ ጉድ! እጄ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።»

እውነት ለመናገር ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ልጅቷ ግን ወዲያው ዞረችብኝ።

«መምህር አይሳቁ። ያ የወረቀት ኩባያ ሁሉ ከየት የወጣ ይመስልዎታል?»

አየሁ። የሕግ ትምህርት ክፍላችን በየስብሰባው የሚጠጣባቸው ክዳን ያላቸው ኩባያዎች፣ ጉልበቷን ከበው ተከምረዋል። 

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች ከዚያ ወደ እሳቸው ተመልሳ። «አጥፍተናል። ነገ አንድም ጠርሙስ እንዳይገባ፣ ውሃ በጆግ እንዲቀርብ፣ ሰው የራሱን ኩባያ ይዞ እንዲመጣ ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ተጣልቼ ነው የመጣሁት። የእኛ ጥፋት ግን የእርስዎን እሳት ትክክል አያደርገውም።»

«እና ምን ላድርገው? የቆሻሻው መኪና እንደሆነ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። አጣጥፌ ኪሴ ልክተተው?»

«ግማሹ እኮ ቆሻሻ አይደለም! ቅጠልና ከምግብ ቤት የወጣ ልጣጭ ነው። በአፈር እየሸፈኑ ቢያስቀምጡት ብስባሽ ሆኖ አበባዎን ይመግባል። ወረቀትና ካርቶኑን የሚወስድ አለ። ጠርሙሱን የሚሰበስብ አለ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መኪናው ቢዘገይም የሚጠብቅ ጥቂት ነገር ነው።»

«ማን ይለየዋል? አንቺ?»

«የጣለው ሰው ይለየዋል። በየሕንፃው ሦስት በርሜል ይቀመጥ።»

«ተማሪ?» አሉ ጋሼ ነፋስ፤ በንዴታቸው መሐል እንኳ ፈገግታ አመለጣቸው። «የራሱን ካልሲ ከጓደኛው ካልሲ የማይለይ ፍጡር ነው ቆሻሻ የሚለየው?»

ነገሩ ወደ ቀልድ ያዘነበለ መሰለኝና ደስ አለኝ። «እንግዲያው ለዛሬ ይቃጠልና ከነገ ጀምሮ…» ብዬ የሽምግልና ሐሳብ ማቅረብ ጀመርኩ።

«ዛሬ አይሆንም!» አለች ልጅቷ።  «ሌላ ቀን ቢሆን እሺ። ዛሬ ግን አይሆንም መምህር። እትዬ ትናንት ነው ከሆስፒታል የወጡት።»

እትዬ የምትላቸው የጋሼ ነፋስን ባለቤት ነው። ደረታቸውን እንደሚያማቸው እሰማ ነበር፤ ተኝተው እንደነበር ግን አላወቅኩም። ወደ ሽማግሌው ስዞር ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ።

«ብርድ ነው» አሉ። «ብርድ መትቷት ነው። ለዚህ ነው በየጠዋቱ ሳልወጣ በፊት መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ የምዘጋላት።»

«ሐኪሙ ብርድ አላሉም ጋሼ። ‹ቤት ውስጥ እንጨት ወይም ከሰል ታነዳላችሁ?› ብለው እትዬን ጠየቁ። እትዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ እርስዎ ቀድመው መለሱ። ‹እኛ ቤት ጭስ የሚባል ነገር የለም፤ ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው› አሉ።»

«ታዲያ ዋሸሁ?»

«አልዋሹም። አያውቁም እንጂ አልዋሹም። ሐኪሙ ግራ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያሉትን ግን ሰምተዋል፤ ‹ይህ ደረት ሌላ ጊዜ እንዲህ ከታፈነ መመለሳቸውን እንጃ› ነው ያሉት።»

«እና እኔ ነኝ ያፈንኳት? ‹ሚስትህን እየገደልክ ነው› ነው የምትዪኝ?»

«እንደዚያ አላልኩም…»

«ብለሻል! በመምህሩ ፊት ብለሻል!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሰው በማያውቀው ነገር ሲከራከር ይቆጣል፤ በሚኮራበት ነገር ሲነኩት ግን ያብዳል። ጋሼ ነፋስ የሚኮሩት በጥንቃቄያቸው ነበር። ጎንበስ አሉ፣ አቧራ አነሱ፣ እጃቸውን ዘርግተው ለቀቁት። አቧራው ከእኛ ሸሽቶ ወደ ግንቡ ሄደ።

«እዪ! ወደ ክፍሎቹ ሄደ? ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ? ይኸው ወደ ግንቡ ነው! እኔ ወደ ሰው አፍንጫ ጭስ ልኬ አላውቅም!»

«ከግንቡ ወዲያስ ጋሼ?»

«ግንብ ነው! ግንብ ምን ይተነፍሳል?»

«ከግንቡ ወዲያ ማን ነው የሚኖረው?»

 የሽማግሌው ዓይን ወደ ግንቡ ሄዶ ተመለሰ። ጥያቄው ሲገባቸው በፊታቸው ላይ አይቻለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴታቸው አሸነፈው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እንጂ ቤታቸው ውለው አያውቁም። ከግንቡ ወዲያ ያለውን የራሳቸውን ሰፈር የሚያውቁት ማታ ጭሱ ከጠራ በኋላ ነው።

«እሳት ሳይነድ ስለ ጭስ ማውራት ምን ያደርጋል?» አሉ። «ቆይ ላሳይሽ። ጭሱ ግንቡን ሳያልፍ ወደ ላይ ሲወጣ በዓይንሽ ትመለከቻለሽ።» ሰው ቆሞበት ጉድጓዱን እንደማይለኩሱ ሁላችንም እናውቃለን። ከአጠገቡ ግን በጠዋት የተጠረገ የቅጠል ክምር ነበረ። በመሐሉ ፌስታሎች ይታያሉ። እኔ «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡ» ስል ክብሪቱ ተጭሯል።

ቅጠሉ ተያያዘ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ፌስታሎቹ ሲቀልጡ ጠቆረ። ወደ ላይ አልወጣም። መሬት ለመሬት ተጎተተና ግንቡ ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ ተሻገረ።

ልጅቷ ጮኸች። በእጇና በጉልበቷ እየቧጠጠች ከጉድጓዱ ወጣች።

«መስኮቱን ከፍቼዋለሁ!» አለች እየሮጠች። «ሐኪሙ አየር ያግኙ ብለው ነበር፤ ይቆጡኛል ብዬ ሳልነግርዎ ከፍቼዋለሁ! እትዬ ብቻቸውን ናቸው!»

ጋሼ ነፋስ ክብሪቱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ከግንቡ ወዲያ ሳል ተሰማ። እኔ ማንም ሰው የሚስለው ሳል መሰለኝ። እሳቸው ግን አወቁት። ማታ ማታ አጠገባቸው ሲሰሙት የኖሩት ሳል ነው፤ ከዚያ በኩል ሲመጣ ሰምተውት ግን አያውቁም።

«አካፋ!» አሉ። «መምህር፣ አካፋ!»

አካፋውን አቀበልኳቸው፤ እኔም በእጄ አፈር ማፈስ ጀመርኩ። አፈር ስንጨምርበት ጭሱ ይብስ ወፈረ። እሳቸው በእግራቸው ክምሩ ውስጥ ገብተው ይረግጣሉ፣ የሱሪያቸው ጫፍ ይጨሳል፣ «ወይኔ! ወይኔ!» ይላሉ። ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ጩኸቱን ሰምተው ባልዲ ውሃ ይዘው ደረሱ። ያን ጊዜ ጋሼ ነፋስ አካፋውን ወርውረው በጎን በር በኩል ሮጡ። እኔም ተከተልኳቸው። በዚያ ዕድሜ እንዲያ የሚሮጥ ሰው አላየሁም።

ቤቱ አንዲት ሳሎንና አንዲት መኝታ ቤት ናት። ስንገባ ዓይናችን ተለበለበ፤ የሚሸተው የተቃጠለ ፌስታል ነው። ባለቤታቸው መስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሊዘጉት ተነስተው ነበር፤ አልደረሱም። በአንድ እጃቸው እርጥብ ጨርቅ ይዘዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አየር ግን የሚገባ አይመስልም። ልጅቷ ከኋላ ደግፋ ይዛቸው፣ ለደረታቸው የተሰጠውን በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ትነፋላቸዋለች።

«ቀስ ብለው እትዬ… አሁን ይሳቡ… ያዙት… እንደገና…»

ጋሼ ነፋስ መስኮቱን ዘጉ፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። ሚስታቸው ፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ተንፍሺ» አሉ። «ተንፍሺ እባክሽ፤ በፈጣሪ ተንፍሺ።» እኔ የሕግ መምህሩ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ጠቃሚ ቃል አልነበረኝም፤ መኪና ልፈልግ ብዬ ወጥቼ የጎረቤት ሹፌር ይዤ ስመለስ፣ የሴትዮዋ ትንፋሽ መመለስ ጀምሮ አገኘሁ። ሴትዮዋ በእጃቸው «አያስፈልግም፣ ቆዩ» አሉን። ሹፌሩን ለማንኛውም በር ላይ አስቆምነው።

ጋሼ ነፋስ የሚስታቸውን እጅ ሊይዙ ሲሉ ጨርቁን አገኙት። ቀና ሲሉ ደግሞ በመስኮቱ ጎን በሚስማር የተንጠለጠለ ሌላ ተመሳሳይ ጨርቅ አለ። በበሩም ጎን አለ። ሁሉም በልክ ተቆርጠው፣ ጠርዛቸው ተሰፍቶ፣ ለአንድ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የከሰዓቱ ነው» አሉ ሚስታቸው ቃላቱን እየቆራረጡ። «ከሰዓት ነፋሱ ሲዞር… አርጥቤ ከበሩ ሥር… ከመስኮቱ ሥር አደርገዋለሁ። ትንሽ ይይዝልኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ።»

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?»

ሴትዮዋ ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምን ብዬ ልንገርህ? ማታ ስትመጣ ጫማህን እያወለቅክ ‹ዛሬም አንድ ተማሪ አላሳልኩም› ትለኝ ነበር። ደስ ብሎህ። ሰው በሥራው እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ያችን ደስታህን እንዴት ልቀማህ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ጋሼ ነፋስ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ሐኪሙ እኮ አንቺን ነበር የጠየቀሽ» አሉ። «አንቺን ጠይቆሽ እኔ መለስኩ።» ከዚያ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ፤ የሚያፍር ይፈር።

የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜዬ አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ፤ የሚሆነውን አውቄ ነበርና። አስተዳዳሪው ሱፍ ለብሶ፣ ስልኩን በጆሮው ይዞ፣ ከአፉ እስከ ገደፉ የሞላውን ጉድጓድ እያየ ይንጨረጨራል። ጋሼ ነፋስ የታጠበ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ልጅቷም አለች።

«እንግዳ በር ላይ ነው! ለምን አልተቃጠለም?»

ልጅቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ክንዷን ያዙ። «አንቺ ትናንት ተናግረሻል። ዛሬ የኔ ተራ ነው።» ወደ አስተዳዳሪው ዞሩ። «አይቃጠልም ጌታዬ። ከእንግዲህ እዚህ አይቃጠልም።»

«እንግዲያው የሚያቃጥል ሰው አመጣለሁ።»

«ማምጣት ይችላሉ። በመጀመሪያ ቁልፎቼን ይረከቡኝ። ከዚያ ሰውየው ሲያቃጥል እርስዎ እኔ ቤት ገብተው ከባለቤቴ ጎን ይቀመጡ። መስኮቱን እኔ ራሴ እከፍትልዎታለሁ።»

አስተዳዳሪው ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ በየቀኑ…»

«እኔ ነኝ! ሌላ ማን ይሆናል? ለተማሪው አፍንጫ ስጠነቀቅ ሚስቴን አፍኜ ልገድላት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ሰውየው ነኝ። ከግንቡ ወዲያ ደግሞ የኔ ቤት ብቻ አይደለም ያለው። ትናንት ማታ በየቤቱ እየዞርኩ ጠይቄያለሁ። የሹፌሩ ልጅ ያስላል። የምግብ አብሳይዋ ዓይኗ ያሳክካታል። ሁሉም ‹ጋሼን እንዳናስቀይም› ብለው ዝም ብለውኛል።»

«እንግዶቹ ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?»

«ይዩት! የኛው ቆሻሻ ነው። እንግዳ ምን ይላል እያልን ነው እዚህ የደረስነው። ሲጠይቁዎት ‹እስከ ትናንት እንሰውረው ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ እንለየዋለን› ይበሏቸው። ይኼ ከፊኛ ይሻላል።»

እኔ በዚህ ጊዜ «በሕግ ረገድ ደግሞ የነዋሪዎች ጤና…» ብዬ ጀምሬ ነበር። አስተዳዳሪው «እርስዎ ደግሞ ይቆዩ መምህር» ብሎ አቋረጠኝ። ጉድጓዱን አየ፣ ግንቡን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንሞክረው» አለ በመጨረሻ። «ከሸተተ ግን አልምራችሁም!»

«ከሸተተ አፈር አልበዛበትም ማለት ነው» አለች ልጅቷ፤ ዝም ማለት አልቻለችም።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። መጀመሪያ ሰሞን ተማሪው ልጣጩን ከወረቀቱ ጋር፣ ወረቀቱን ከጠርሙሱ ጋር ይደባልቅ ነበር። ጋሼ ነፋስ በርሜሎቹ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። ያደባለቀውን ጠርተው «ና ልጄ፣ የጣልከውን አንሳና የትኛው በርሜል እንደሚገባ ንገረኝ» ይሉታል። ለወትሮው የሚወዷቸው ተማሪዎች እሳቸውን ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። እሳቸው ወይ ፍንክች! ክረምቱ ሲወጣ የቅጠሉ ክምር ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሽታ የሌለው አፈር ሆነ፤ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ያሉት ችግኞች በእሱ አደጉ። ምግብ ቤቱ ውሃ በጆግ ማቅረብ ጀመረ፣ ጠርሙስ ከግቢው ተመናመነ። እኛም የሕግ ሰዎች ከብዙ ክርክር በኋላ እያንዳንዳችን የሸክላ ኩባያ ያዝን። ሁለት ጊዜ ስብሰባ የተደረገበት ጉዳይ መሆኑን ስናገር አላፍርም።

በቤታቸውም እንዲሁ ሆነ፤ እዚያ ግን ተማሪዋ ልጅቷ ሆና ተገኘች። መብራት ሳታጠፋ ስትወጣ ጋሼ ነፋስ «የጤና ባለሙያዋ! ማን ያጥፋልሽ?» ብለው ይጠሯታል። ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ልትደፋ ስትል «ለአበባው አምጪ» ይሏታል። እሷም በበኩሏ ገበያ ሲሄዱ ዘንቢል ካልያዙ ከበር ትመልሳቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፤ እትዬ እየሳቁ ይሰሟቸዋል። ሳንባ እንደ ጨርቅ ታጥቦ አይሰጣም፤ ሐኪሙ የተጎዳው እንደማይመለስ፣ የተረፈው ግን ከተጠነቀቁለት እንደሚበቃቸው ነግሯቸዋል። ከሰዓት በኋላ ደጅ ወጥተው ይቀመጣሉ።

አንባቢዬ፣ ምክሬ አጭር ነው። የምንጥለው ነገር ሁሉ የሚያርፍበት ቤት አለው። እኛ ስላላየነው ባዶ አይሆንም። ጥንቃቄ ማለት ጉዳቱን ከሚታየው ሰው ወደማይታየው ማዞር አይደለም። መቀነስ፣ መለየት፣ መልሶ መጠቀም፤ ይህን ያህል ነው፤ ዲግሪ አይጠይቅም።

ጋሼ ነፋስ አሁን አዲስ የጽዳት ሠራተኛ ሲቀጠር ሥራውን የሚያሳዩት ከጉድጓዱ ጀምረው አይደለም። በቀጥታ ቤታቸው ወስደው ሳሎን ያስቀምጡታል። «የዚህ ግቢ አለቃ እሷ ናት፤ እሷን ስማ» ይሉና ራሳቸው ደጅ ይወጣሉ። ባለፈው እኔም በአጋጣሚ እዚያ ነበርኩ። ሦስት አዲስ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እትዬ ትንፋሻቸውን አሳርፈው ጀመሩ።

«እኔ ስታፈን ዝም ያልኩት ባሌን ስለምወደው ነው። መውደድ የመሰለኝ ዝምታ ሊገድለኝ ነበር፤ እሱንም ዕድሜ ልኩን በጸጸት ሊያቃጥለው ነበር። እናንተ ዛሬ ማታ ስትገቡ ቤት የሚጠብቃችሁን ሰው ‹የኔ ሥራ አንተ ጋ፣ አንቺ ጋ ምን ይዞ ይመጣል?› ብላችሁ ጠይቁ። ‹ምንም› ካለ ደግማችሁ ጠይቁት።»